«ይቀመጡ» ያላልኩበት ቀን

ደባርቅ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። በበሩ ላለማለፍ ስል ስንት ጉዳይ በእንጥልጥል አስቀርቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰው ልኬያለሁ። አንድ ቀንማ በጓሮ በኩል ዞሬ፣ በተሰበረው አጥር ሾልኬ ገብቻለሁ፤ ጫማዬን ጭቃ ውጦት፣ ቀሚሴን ሽቦ ይዞት። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ አስተማሪ ተብዬ! ይህን ሁሉ የማደርገው በሩ ላይ የሚቀመጡትን ዘበኛ ላለማየት ነው። ክፉ ሰው ሆነውብኝ አይደለም። ክፉ ቢሆኑልኝ ኖሮ እፎይ እል ነበር።

ሥራዬ ለጎልማሶች ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ቀን ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጡና ሁለት ሰዓት ይማራሉ። የጽዳት ሠራተኛ አለች፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ አለ፣ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የመጣች አለች። ክፍላችን ስምንት ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠሩት አምስቱ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ሪፖርት ላይ ቁጥር ለማሟላት የተቀመጡ ናቸው። በመጨረሻ ምዘና አለ። ከጎንደር መዛኞች ይመጣሉ። ተማሪው በአርባ ደቂቃ ውስጥ በስሙ ፎልደር ይከፍታል፣ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ አትሞ ያስረክባል። አትሞ ያላስረከበ ወደቀ ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዘበኛው ሊማሩ ወደ ክፍሌ የመጡት በጥቅምት ነው። ሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው የማይለያቸው። እኛ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያ እርሻ፣ ከዚያ ደባርቅ መጥተው በዚያ መሥሪያ ቤት ዘበኛም ተላላኪም ሆነው ተቀጠሩ። ማታ በር ይጠብቃሉ፣ ጠዋትም እዚያው በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያረፍዳሉ፣ በየሁለት ቀኑ ደግሞ በቀን ደብዳቤ ያደርሳሉ። የደባርቅን የሌሊት ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ብርድ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚነሱት።

በዚያ ዓመት የመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተዛውራ ሄደች። ኃላፊው ጋሼን ጠርቶ «የኮምፒውተር ምዘናውን እለፍ እንጂ ቦታው ያንተ ነው» አላቸው። መዝገብ ቤቱ ፀሐይ የሚገባበት፣ በሩ የሚዘጋ፣ ቀን ብቻ የሚሠራበት ክፍል ነው። ጋሼ ሹመት አላማራቸውም፤ ሌሊት ሌሊት ቤታቸው ገብተው ጉልበታቸውን ማሞቅ ነው የፈለጉት። ይህን ራሳቸው ነግረውኛል፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ክፍል ስገባ ከሁሉም ቀድመው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ። እኔ ደነገጥኩ፤ አባቴን ሊያህሉ ምንም አይቀራቸው። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ ጋሼ» አልኩ እየተሽኮረመምኩ። ቀጥለው ደግሞ «እሺ የኔታ» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ጋሼ፣ ሴት የኔታ ደግሞ የት አይተው ያውቃሉ?» አላቸው ጨርቅ ሻጩ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ፊደል እያስቆጠሩኝ አይደል?» አሉ፤ ፈገግም ሳይሉ።

ሌሎቹም ቀስ በቀስ እሳቸውን አይተው ስገባ መነሳት ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ደስ ከማለትም አልፎ ኩራት ኩራት አለኝ። ዳባት ባደግኩበት ቤት መነሳት የሴቶች ሥራ ነበር። አጎት ሲገባ ተነሺ፣ የአጎት ጓደኛ ሲገባ ተነሺ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ሲገባ እንኳ «ወንበሩን ልቀቂለት» እባል ነበር። ተመርቄ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ ደባርቅ መጥቼም ቢሮ ለቢሮ ስዞር «ልጅት፣ እዚያ ጠብቂ» ከመባል አልዳንኩም። እና ያ ሁሉ ሰው፣ ያውም ሽበታም ሰው፣ ለእኔ ብሎ ከወንበሩ ሲነሳ እንዴት ደስ አይለኝም?

ጋሼ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ግን የሁለት ጣታቸው ትዕግሥት ለብቻው ነው። ፊደል አይሳሳቱም። የደብዳቤውን ቀንና ቁጥር፣ ጉዳዩን፣ ከግርጌ ሰላምታውን፣ ሁሉንም በየቦታው ያስቀምጡታል። «የኔታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የታሸገ ደብዳቤ ተሸክሜ ስሄድ ሆዱን አይቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። በጥር ሃምሳ ደቂቃ። በመጋቢት ሠላሳ አምስት። እኔ ራሴ በስልኬ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ሊያልፉ ነበር፤ ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። አንድ ነው ብዬ እንዳልዋሽ፣ የማፍርበት ብዙ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለክፍላችን ወረቀት ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ሁለት ሰዓት በር ላይ አስቆሙኝ። በመጨረሻም «ነገ ነይ» ተባልኩ። ደሜ ፈልቶ፣ በሩን በርግጄ ክፍል ገባሁ። ሁሉም ተነሳ፤ ጋሼ ብቻ ቁጭ እንዳሉ ናቸው። ግንባራቸው ኪቦርዱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የጠፋቻቸውን አንዲት ፊደል እየፈለጉ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ናቁኝ?» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ። ፊደል ስፈልግ ሳላይዎ ነው እንጂ…» አሉ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ በተማሪ ሁሉ ፊት። እኔም «ምን ቆርጦኝ፣ ይቀመጡ፣ ቀልዴን ነው» ማለት ሲገባኝ «እሺ፣ ይቀመጡ» ብዬ በኩራት አለፍኩ። ለወረቀቱ የተቆጣሁትን ቁጣ በሳቸው ላይ ተወጣሁት፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ በር ከተከፈተ አይቀመጡም። ጠመኔ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ይነሳሉ። ስልክ ላናግር ወጥቼ ስመለስ ይነሳሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ እስከ ሰሌዳው ድረስ ይሰማኛል። ቆመው እጃቸውን አጣጥፈው «በእግዜር፣ ይቀመጡ» እስክላቸው ይጠብቃሉ፤ ካላልኩ አይቀመጡም። ይቅርብዎ ልላቸው ስንቴ አሰብኩ መሰላችሁ! አላልኩም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ያቺን «ይቀመጡ» ሳልላት ሁለት ሦስት እርምጃ እሄድ ነበር። ወይ እኔ!

የምዘናው ቀን ደረሰ። ከጎንደር ሁለት ወጣቶች መጡ፤ አንደኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ሌላኛው ወረቀቱን ይዞ። ተመዛኞቹ አምስት ናቸው። ጋሼን ከበሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፣ ብርሃንም አለው። ለደግ አስቤ ነው፤ ይህችን እንኳ ለራሴ ልመስክርላት። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አሰልጣኝ ምዘናው ተጀምሮ እስኪያልቅ ለተመዛኝ ትንፍሽ ማለት አይችልም፤ ካለ የክፍሉ ሁሉ ምዘና ይሰረዛል።

ሰዓቱ ተጀመረ። ጋሼ ፎልደራቸውን ከፈቱ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ ደብዳቤውን ጀመሩ። ጥሩ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ማዳመጫ ያደረገው መዛኝ ስልክ ተደወለለትና ወጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ይቆራረጣል። ተመልሶ ሲገባ ጋሼ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ሌሎቹ አራቱም ከወንበራቸው ከፍ ብለው ነበር፤ ልጁ እንዳላያቸው ሲያዩ ወዲያው ቁጭ አሉ። ጋሼ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ልጁ ዘፈኑን እያዳመጠ በመካከላችን ይንጎራደዳል። የተነሱለት ለእሱ እንደሆነም አልገባው። አልተቀመጠም፣ «ይቀመጡ»ም አላለ። ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣ ፊቱን ሲያዞር ቀስ ብለው ተቀመጡና ያቆሙበትን መስመር መፈለግ ያዙ። ገና ሁለት ቃል ሳይጽፉ ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ወጣ። ልጁ ገባ። ጋሼ ተነሱ።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ተውኩ። ወረቀት የያዘው መዛኝ ደግሞ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው ብድግ ቁጭ የሚለው? ስፖርት ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ እንደ ጎንደር ልጅ፣ እንደ ዘመናዊ ሰው ሳቅኩና «እንጃ እሳቸው፣ ልማድ ነው» አልኩት። ተመዛኝ እንዳላናግር ነው የተከለከልኩት፤ መዛኝ እንዳላናግር የከለከለኝ የለም። «ለናንተ ክብር ነው የሚነሱት፣ እባካችሁ በር ላይ አትመላለሱ» ብዬ ብነግረው ምን ይለኝ ነበር? ግን ያን ለማለት እንዲህ ያለ ክፍል የኔ ነው፣ እንዲህ ያለ ተማሪ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። የገጠር አስተማሪ ናት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀር የማተሚያው ወረቀት አለቀ። መዛኙ «ወረቀት አምጪ» አለኝና ከቢሮ ሮጬ አመጣሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሼ ተነሱ። በዚህኛው ጊዜ የተነሱት ለኔ ነው።

«ኖር የኔታ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እና ቆሙ። ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን ያውቃሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አንድ ጊዜ አይተው መልሰው እኔን አዩ። እየለመኑኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። አንዲት ቃል። «በእግዜር» ማለት ለተመዛኝ መልስ መንገር አይደለም፤ ማንም አስተዋይ ሰው በዚያች ቃል ምዘና አይሰርዝም። ቢሰርዝስ? እኔ ግን መዛኙ እያየኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። ማተሚያው ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀቱን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ አስተካከልኩ፣ እንደገና አስገባሁ። ወረቀት ማስገባት እንዲህ ረጅም ሥራ ሆኖ አያውቅም። ዞር ስል ጋሼ አሁንም ቆመዋል። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ነው የተቀመጡት።

ሰዓቱ ሲያበቃ አራቱ አትመው አስረክበዋል። የጋሼ ደብዳቤ ሁለት መስመር ይቀረው ነበር። መዛኙ «እጅ ከኪቦርድ ላይ ይነሳ!» ሲል እጃቸውን አነሱና ጭናቸው ላይ አኖሩ። ደብዳቤያቸውን አንብቤዋለሁ፤ አንድም የፊደል ስህተት አልነበረውም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ራሴን ይቅር እል ነበር። መዛኞቹ ከመሄዳቸው በፊት በያንዳንዱ ተመዛኝ ላይ አሰልጣኙ የሚሞላት ወረቀት አለች። «ምዘናውን ያወከ ሁኔታ ነበረ?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ነበረ ብዬ ብጽፍ፣ ምን እንደነበረም ባስረዳ፣ ጋሼ በሳምንቱ እንደገና ይመዘኑ ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል። እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልጻፍ? በክፍሌ ሰው በገባ ቁጥር ሽማግሌ ይነሳል፣ እኔም ተቆጥቼ ያስለመድኳቸው ነው ልበል? ያ ወረቀት ጎንደር ይደርሳል፣ ስሜ ከሥሩ አለ። «አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች «የአሰልጣኝ አስተያየት» በሚለው ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ፍጥነት ይጎድለዋል» አልኩ። እንዲያ ነው የጻፍኩት፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃቸውን በራሴ ስልክ ለለካሁላቸው ሰው።

ውጤቱ ከነአስተያየቱ ቅጂ በፖስታ ታሽጎ ለየመሥሪያ ቤቱ መድረስ ነበረበት። ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያደርሰው ማን ነው? እሳቸው ናቸው! በማግስቱ ሊወስዱ መጡ። ፖስታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጋቢያቸው ሥር ከተቱት። «እግዜር ይስጥልኝ የኔታ» አሉኝ። ከመስኮቱ ሆኜ በአስፋልቱ ሲሄዱ አየኋቸው፤ ወደ አዲ አርቃይ የሚያልፍ መኪና ባስነሳው አቧራ ውስጥ እያነከሱ፣ ፖስታው እንዳይጨማደድ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው። አንጀቴን በላኝ። ሮጬ ግን አልመለስኳቸውም።

ኃላፊው ወረቀቱን ከነአስተያየቱ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። መዝገብ ቤቱን ካለፉት አንዷ አገኘችው፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ በሷ ላይ ምንም የለኝም። ጋሼ ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ድረስ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው አልኩ በልቤ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። አንድ ላስቲክ እንቁላል ይዘው ነው የመጡት። «አስተያየትዎን አነበብኩ» አሉ። «እውነትዎን ነው፣ እጄ ዘገምተኛ ነው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይተውኛል፣ ይበቃኛል» ብለው እንቁላሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን አለበት አልኩ። እንቁላሉን መብላት አቃተኝና ለጎረቤት ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ነው ከበሩ መሸሽ የጀመርኩት።

ዘንድሮ መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ራሴ ፈርሜ የምወስደው ወረቀት መጣና፣ አጥሩም ተጠግኖ ኖሮ፣ በበሩ መሄድ ግድ ሆነ። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። መንገድ ለመንገድ የምናገረውን ስሰድር መጣሁ። ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ምዘናውን ያወከ ነገር ነበረ፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት እላለሁ። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ቆርጬ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሌሊቱ ተረኝነት ገና መውጣታቸው ነው፣ ፀሐይዋን ጉልበታቸው ላይ እየጠበቁ። ከሩቅ አዩኝ። አሁን ደግሞ ዱላ ይዘዋል። ዱላውን ተከሉ፣ ሌላውን እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ፣ ይነሱ ጀመር።

«አይነሱ!» ብዬ ጮህኩ። «በእግዜር፣ በእግዜር ጋሼ! በሞቴ ይቀመጡ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ ግን ተነስተው ጨረሱ። እንደ ድሮው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙና አዩኝ፤ ፈገግታቸው ውስጥ አንዲት ቂም ብፈልግ አጣሁ።

«ግድ የለም የኔታ» አሉኝ። «እዚህ ሰዓት የሚይዝብኝ የለም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉንም ያውቃሉ። ያን ቀን ሲቆሙም ያውቁ ነበር፣ ፖስታውን ሲሸከሙም፣ እንቁላሉን ሲያመጡም። መንገድ ለመንገድ የሰደርኩት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ በፊታቸው አለፍኩ፤ እሳቸውም በሩን አልፌ እስክገባ ድረስ አልተቀመጡም።